ጎርባቾቭ በካሜራ ፊት፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ አምድ ባለፈው እትም፣ ጀርመናዊው ቨርነር ሄርዞግና እንግሊዛዊው አንድሬ ሲንገር እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ሚኻኢል ጎርባቾቭ ያቀረቡትን ዘጋቢ ፊልም አንባብያን ፈልገው እንዲያዩት ጋብዘን ነበር። ሄርዞግ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከቀድሞው የሶቪየት ኅብረት መሪ ጋር ተቀምጦ ይጠይቃል፤ ሕመም ያደከማቸው አዛውንት ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሥልጣን ዘመናቸውና ስለ ሟች ባለቤታቸው ይመልሳሉ። ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን እዚህ አቅርበናል። አዘጋጆቹ መልሱን ለእኔ የሰጡኝ በዚያ ዘመን ሌኒንግራድ ተማሪ ስለነበርሁ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዱን በዓይኔ ካየሁት እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ፊልሙን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከሆነው ልጄ ጋር አየነው። እኔ ስለ ባለቤታቸው ሞት ሲናገሩ ዕንባዬ መጣ። ልጄ ግን «አንድ ሽማግሌ ስለ ራሳቸው የተናገሩትን ሰምተን ታሪኩን ዐወቅን ልንል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አጣሁለት። (የታሪክ መምህር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ልጅዎ የጠየቀው ፊልሙን በአግባቡ ለማየት የሚያስፈልገውን ጥያቄ ነው፤ የእርስዎም ዕንባ ቢሆን አላታለለዎትም። ይህ ፊልም ምስክርነት እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ምስክርነት ደግሞ የሚመዘነው ምስክሩ ማን እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ጠየቀውና ከምን ወገን ሆኖ እንደ ጠየቀው በማጤን ነው።

ጠያቂው ወገኑን አልደበቀም። ጀርመናዊ መሆኑን ገና በመግቢያው ይናገራል፤ ጎርባቾቭ በሕይወታቸው ያዩት የመጀመሪያው ጀርመናዊ ሊገድላቸው የመጣ ሰው ሳይሆን እንዳልቀረም ይገምታል። እርሳቸው ግን ግምቱን አይቀበሉትም። በልጅነታቸው ጎረቤት የነበሩ ጀርመናውያን ይጋግሩት የነበረውን ጣፋጭ ብስኩት ያስታውሳሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚሠሩ ሰዎች ክፉ ሊሆኑ አይችሉም ብለው ያኔ እንደ ደመደሙ ይነግሩታል። ሄርዞግም የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ስለሚያውቅ ለልደታቸው ስኳር የሌለበት ቸኮላት ይዞላቸው ይመጣል። በዚህ ሁሉ ሄርዞግ ከዳኛ ይልቅ ዋስ ሆኖ የቆመ ሰው ነው። ለዋስትናውም በቂ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1989 ሌሊት የበርሊን ግንብ ሲከፈት በምሥራቅ ጀርመን ምድር ከ300 ሺህ በላይ የሶቪየት ወታደሮች ሰፍረው ነበር። በ1953 በምሥራቅ በርሊን፣ በ1956 በቡዳፔስት፣ በ1968 በፕራግ ሕዝብ ሲነሣ ታንክ የላከው ጦር በዚያ ሌሊት ከሰፈሩ አልወጣም። ሄርዞግ ዕድሜውን ሙሉ ስለ አገሩ መከፈል ሲያዝን የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ፊልሙ የምስጋና ፊልም መሆኑ ሊያስገርመን አይገባም።

ምስጋና መሆኑ ግን ዋጋውን አያሳጣውም። እኔ ይህን ፊልም ደጋግሜ የማየው ለሁለት ቦታዎች ስል ነው። አንደኛው የቀብሮቹ ክፍል ነው። ከጎርባቾቭ በፊት የነበሩት የሶቪየት መሪዎች ብሬዥኔቭ በ1982፣ አንድሮፖቭ በ1984፣ ቼርኔንኮ በ1985 ሲሞቱ የተነሡት ምስሎች አንዱ ከሌላው ተከትለው ሲመጡ፣ አበባው፣ ማርሹ፣ ያዘነ ፊታቸውን ይዘው የተሰለፉት ሽማግሌዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ የ54 ዓመቱ ጎርባቾቭ መጋቢት 11 ቀን 1985 ለምን እንደ ተመረጡ ተራኪ ሳይነግረን እንረዳዋለን። ሁለተኛው ደግሞ በ1989 የጸደይ ወራት ሃንጋሪ ከኦስትሪያ ጋር የሚያዋስናትን የኤሌክትሪክ አጥር ማንሣት ስትጀምር የኦስትሪያ ቴሌቪዥን ያቀረበው ዜና ነው። አውሮፓን ለሁለት የከፈለው መጋረጃ በመቀደድ ላይ እያለ፣ ዜናው ቅድሚያ የሰጠው አትክልት የሚያጠፉ ቀንድ አውጣዎችን በቢራ ማጥመድ እንዴት እንደሚቻል ለሚያስረዳ ዘገባ ነበር። በታሪክ ውስጥ የሚኖር ሰው ታሪኩን ገና ሲመጣ እንደማያውቀው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። እርስዎ የታሪክ መምህር ስለሆኑ ይህን ክፍል ብቻውን ለተማሪዎችዎ ቢያሳዩላቸው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ያወያያቸዋል።

ለልጅዎ ግን ከፊልሙ ጎን የሚያስቀምጠው ሌላ ምስል ልስጠው። በግንቦት መጨረሻ 1989 የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ሞስኮ ላይ ሲከፈት ስብሰባው ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ በቴሌቪዥን ተላለፈ። በተማሪዎች ማደሪያችን አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ነበር፤ ክፍሉ ሞልቶ ኮሪደር ላይ ቆመን እናይ ነበር፤ የወጥ ቤት ሠራተኞች ሳይቀሩ ጭልፋቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ከተወካዮቹ መካከል አንድሬ ሳኻሮቭ ነበሩ፤ የሃይድሮጅን ቦምብ ከሠሩት ሳይንቲስቶች አንዱ ሆነው ሳለ ለሰብዓዊ መብት በመከራከራቸው ከ1980 ጀምሮ ጎርኪ ወደምትባለው ከተማ ተግዘው የኖሩ ሰው። በታኅሣሥ 1986 የደኅንነት ሰዎች ድንገት ቤታቸው ስልክ አስገቡላቸው፤ በማግሥቱ የደወሉት ራሳቸው ጎርባቾቭ ነበሩ፤ ወደ ሞስኮ ተመለሱ አሏቸው። በጉባኤው መዝጊያ ዕለት፣ ሰኔ 9 ቀን 1989፣ ሳኻሮቭ ከተፈቀደላቸው ደቂቃ አልፈው ሲናገሩ፣ ስብሰባውን ይመሩ የነበሩት እኒሁ ጎርባቾቭ ማይክሮፎኑ እንዲዘጋ አደረጉ። ሳኻሮቭ ከመድረኩ ሳይወርዱ መናገራቸውን ቀጠሉ። አጠገቤ የነበረ የአርመን ልጅ «ደወለለትም፣ ዘጋበትም» አለ። ሁለቱም የጎርባቾቭ ናቸው፤ ስልኩን ያስደወለውና ማይክሮፎኑን ያዘጋው አንድ ሰው መሆኑን ያልያዘ ምስል ጎደሎ ነው። ለአገሩ ሁሉ ቴሌቪዥኑን የከፈተውም እርሱ ባይሆን ማይክሮፎኑ መዘጋቱን ማንም ባላወቀም ነበር።

አዛውንት መሪ ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ያልኖሩትን ከመፍጠር ይልቅ ከኖሩት መርጦ መናገር ይቀናቸዋል። ስለዚህ ልጅዎ የተነገረውን ብቻ ሳይሆን የተነገረበትን መጠንም ይለካ። ስለ ኑክሌር መሣሪያ ቅነሳ፣ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን ጋር በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ ስላደረጉት ስብሰባ፣ በ1987 ዋሽንግተን ላይ ከእርሳቸው ጋር ስለ ተፈረመውና 2,692 ሚሳይሎች እንዲጠፉ ስላደረገው ስምምነት በኩራት ይናገራሉ፤ ሊኮሩም ይገባቸዋል። ነገር ግን ሚያዝያ 26 ቀን 1986 የቼርኖቢል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲፈነዳ ለሕዝባቸው በቴሌቪዥን የተናገሩት ከ18 ቀን በኋላ ነበር፤ በመካከሉ በኪየቭ የሜይ ዴይ ሰልፍ ልጆች ተሰልፈው አልፈዋል። ጥር 13 ቀን 1991 በሊትዌንያ ዋና ከተማ በቪልኒየስ ታንኮች በቴሌቪዥን ማማው ዙሪያ በቆመ ሰላማዊ ሕዝብ መካከል ገብተው 14 ሰዎች ሲሞቱ፣ ጎርባቾቭ ትእዛዙ ከእርሳቸው እንዳልወጣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተናግረዋል። ሊትዌንያውያን ግን ይህን መልስ አልተቀበሉትም፤ እኔም አልተቀበልኩትም፤ ትእዛዙን አልሰጡም ብንል እንኳ የሰጡትን ለፍርድ አላቀረቡም።

በመጨረሻ ሄርዞግ በመቃብርዎ ድንጋይ ላይ ምን ቢጻፍ ይወዳሉ ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ መልሳቸው «ሞክረናል» የሚል ነው። በአማርኛ ለምንሰማው ሰዎች ይህ ቃል ሁለት መልክ አለው። እኛ ጃንሆይ ስለ ራሳቸው «እኛ» ሲሉ የሰማን ሕዝብ ስለሆንን፣ በመጀመሪያ ጆሮአችን ላይ የሚያርፈው የሥልጣን «እኛ» ነው። ጎርባቾቭ የተናገሩት ግን እንደዚያ አይመስለኝም። የሙከራው ክብር የእርሳቸው ብቻ እንዳልሆነ መናገራቸው ነው፤ አብሮም የውድቀቱ ሸክም የእርሳቸው ብቻ እንዳልሆነ መናገራቸው ነው። ልጅዎ የትኛው ይበልጣል ብሎ ቢጠይቅዎት እኔ የመጀመሪያው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለተኛውን ግን አልሰርዘውም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው። እዚህ ሽማግሌዎቹ ስሙን ሲያነሡ ፊታቸው ይበራል፤ «ጎርቢ» ይሉታል። የሥራ ባልደረባዬ ሩሲያዊት ግን ፊልሙን አይቻለሁ ስላት አኮረፈችኝ። አንድ ሰው በውጭ እንዲህ ተወድዶ በአገሩ እንዴት እንዲህ ይጠላል? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ባልደረባዎ ያኮረፉት በፊልሙ ላይ ብቻ አይመስለኝም፤ የእናታቸው የቁጠባ ደብተር ትዝ ብሏቸው ይሆናል። ጎርባቾቭ ለውጭው ዓለም የሰጡት ሰላም በአንድ ሌሊት የሚታይ ነበር፤ ለአገራቸው ሰው የሰጡት ነፃነት ግን ባዶ መደርደሪያ ተከትሎት መጣ።

የመጀመሪያው ስሕተት ከመጀመሪያዎቹ ወራት ተጀመረ። በግንቦት 1985 በመጠጥ ላይ ዘመቻ ታወጀ፤ የመጠጥ ሱቆች ተዘጉ፤ በክራይሚያና በሞልዳቪያ የወይን ተክል ሳይቀር ተነቀለ። ሕዝቡ የፓርቲው መሪ ማዕረግ የነበረውን «ዋና ጸሐፊ» ማለቱን ትቶ «የማዕድን ውኃ ጸሐፊ» ብሎ ስም አወጣላቸው። መንግሥት ከመጠጥ ያገኝ የነበረው ከፍተኛ ቀረጥ ቀረበት፤ በ1986 ደግሞ የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። ሰዎች በየቤታቸው አረቄ ማውጣት ሲጀምሩ ስኳር ከገበያ ጠፋ። እኔና ጓደኞቼ በኩፖን የምንወስደውን ስኳር እያጠራቀምን ለአንዲት አሮጊት የታሪክ መምህራችን እንወስድላቸው ነበር፤ እርሳቸው ለክረምት የሚሆን ማርማላታ የሚሠሩበት ስኳር አጥተው ነበር።

ከዚያ በጥር 1991 የ50ና የ100 ሩብል ኖቶች ዋጋ እንዳይኖራቸው ተወስኖ፣ ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ሆነ። የማደሪያችን በረኛ ለቀብሯ ያስቀመጠችውን ገንዘብ በመሐረብ ቋጥራ በበረዶው ላይ ሰልፍ ይዛ ያየኋት ቀን አይረሳኝም። በጥር 1992 ዋጋ ተለቅቆ የተረፈውን ቁጠባ ሁሉ የበላው እርምጃ የሩሲያው ፕሬዚዳንት የየልትሲን መንግሥት ነው፤ ጎርባቾቭ በዚያን ጊዜ ሥልጣን ለቅቀዋል። የበረኛዋ ዓይነት ሰው ግን ይህን ሒሳብ አይለይም፤ ሁሉም የጀመረው በእርሱ ነው ይላል። በ1996 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ያገኙት ድምፅ ከመቶ ግማሽ ያህል፣ ማለትም 0.5 በመቶ ብቻ ነበር። ነሐሴ 30 ቀን 2022 በ91 ዓመታቸው ሲያርፉም ሙሉ መንግሥታዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት አልተደረገላቸውም፤ ፕሬዚዳንት ፑቲንም በቀብሩ ላይ አልተገኙም።

ነገር ግን ለባልደረባዎ ይህንንም ይንገሯቸው፦ አስከሬናቸው በሞስኮ በዓምዶቹ አዳራሽ ባረፈበት ቅዳሜ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አበባ ይዘው ተሰልፈው ነበር፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ጎርባቾቭ ሥልጣን ላይ ሳሉ ገና ያልተወለዱ ወጣቶች ነበሩ።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ በኤርትራ፣ በአፋቤት ግንባር ቀርቷል። በቤታችን የጎርባቾቭ ስም ሲነሣ አባቴ «ሸጦናል» ይሉ ነበር። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ባየውም ስለ እኛ አገር አንድ ቃል አልሰማሁም። በእውነት ትተውን ነው የሄዱት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በወንድምዎ ነፍስ ይማር እላለሁ። ለአባትዎ ቃል ክብር እሰጣለሁ፤ ነገር ግን «ሸጦናል» የሚለው ቃል የሆነውን ሁሉ የሚይዝ አይመስለኝም።

ሶቪየት ኅብረት ወደ ኢትዮጵያ በጅምላ መሣሪያ ማጓጓዝ የጀመረችው በኅዳር 1970 ዓ.ም. አካባቢ፣ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ይዞ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ዓመት ሳይሞላ በኅዳር 1971 ዓ.ም. የወዳጅነትና የትብብር ውል ተፈረመ። ጎርባቾቭ ሥልጣን ሲይዙ ያንን ውል ወረሱት እንጂ አልመሠረቱትም፤ መሣሪያውም ወዲያው አልቆመም። በመጀመሪያዎቹ የሥልጣን ዓመታቸው ወደ አሰብና ወደ ምጽዋ የሚመጣው ጭነት ቀጥሎ ነበር፤ በእኔ አስተያየት ሊጠየቁ የሚገባቸው ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። አውሮፓን ከጦርነት ለማውጣት ይደክሙ በነበረበት ዓመት፣ በአፍሪካ ቀንድ ወንድም ወንድሙን የሚገድልበትን ጥይት ይልኩ ነበር።

በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ሲወድቅ ናደው ዕዝ የተባለው የኢትዮጵያ ጦር ተበተነ፤ የሶቪየት መኮንኖችም ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ከሞስኮ የሚመጣው መልእክት ተለወጠ፤ ጦርነቱን በመሣሪያ ማሸነፍ አይቻልም፣ ከተቃዋሚዎች ጋር ተነጋገሩ የሚል ሆነ። የመሣሪያ ስምምነቱ ጊዜ ሲያልቅ እንደማይታደስ ለአዲስ አበባ ተነገራት። የኩባ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1989 ወጡ፤ በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሸምጋይነት አትላንታና ናይሮቢ ላይ ንግግር ተሞከረ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ሁሉም ዘገየ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ አገር ለቅቀው ሲወጡ፣ በዚያው ሳምንት የአዲስ አበባው የሌኒን ሐውልት ተገነደሰ። በሶቪየት ኅብረት የነበርን ኢትዮጵያውያን ያንን ምስል በሩሲያ ቴሌቪዥን አየነው፤ ታኅሣሥ 15 ቀን 1984 ዓ.ም. ደግሞ ጎርባቾቭ ራሳቸው ሥልጣን መልቀቃቸውን ሲናገሩ፣ ሰባት ወር ብቻ እንደ ተበላለጡ ቆጠርን።

እንግዲህ ትተውን ሄዱ ወይ ላሉት፦ አዎ፣ ጦርነቱን ትተው ሄዱ። ያንን በማድረጋቸው አልወቅሳቸውም፤ ቀድመው ባለማድረጋቸው ግን እወቅሳቸዋለሁ። ወንድምዎን ያጣችሁት መሣሪያው በቆመበት ዓመት አልነበረም፤ ይመጣ በነበረበት ዓመት ነው። ሄርዞግ ስለ ጀርመን የጠየቀውን ያህል ስለ ኢትዮጵያ፣ ስለ አንጎላና ስለ አፍጋኒስታን እናቶች አንድ ጥያቄ ቢጨምር ኖሮ አዛውንቱ ምን ይመልሱ እንደነበር ማወቅ በጣም እወድድ ነበር። አሁን ያ ጊዜ አልፏል።

ጥያቄ፦ የፊልም ጥበብ ተማሪ ነኝ። አያቴ በደርግ ዘመን የአውራጃ አስተዳዳሪ ነበሩ፤ የመመረቂያ ሥራዬን በእርሳቸው ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ከዚህ ፊልም ምን ልውሰድ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ሦስት ጊዜ ተመለሱ። ሄርዞግ አንድ ረጅም ቀን ከመቅረጽ ይልቅ በወራት መካከል መመላለሱ ጠቅሞታል፤ ሽማግሌ ሰው በመጀመሪያው ቀን የለመደውን ይናገራል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሲያሰላስለው የቆየውን ይናገራል። «አስተዳደርዎን እንዴት ይገመግሙታል?» የሚል ጥያቄ አያቅርቡላቸው፤ ስለ አንድ ቀን ይጠይቋቸው፤ ለምሳሌ የእርሻ መሬት አዋጅ በአውራጃው የተነበበበትን ገበያ ቀን፣ ማን ቆሞ እንደ ነበር፣ ምን እንደ ለበሱ።

ከዚያ ሌላ ሰው ያምጡ። ሄርዞግ የሃንጋሪውን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚክሎስ ኔሜትን፣ የፖላንዱን ሌክ ቫዌንሳን፣ የአሜሪካዎቹን ጄምስ ቤከርንና ጆርጅ ሹልትዝን አቅርቧል፤ ሁሉም ግን የመንግሥት ሰዎች ናቸው። እርስዎ አያትዎ ያሰሯቸውን ወይም መሬት የሰጧቸውን ገበሬዎች ካላመጡ የቤተሰብ አልበም ብቻ ይሆንብዎታል። ይህ ለልጅ ልጅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ መቅረጽ ከመጀመርዎ በፊት እነዚያንም ሰዎች እንደሚጠይቁ ለአያትዎ ይንገሯቸው፤ እሺ ካሉ ፊልሙ የእርሳቸውም ሥራ ይሆናል።

ዝምታውንም አይቁረጡ። ከሄርዞግ በኋላ ቪታሊ ማንስኪ የተባለ ዳይሬክተር ጎርባቾቭን በመኖሪያ ቤታቸው ቀርጿቸዋል፤ እዚያ አዛውንቱ ብዙ ጥያቄ ሳይመልሱ ያልፋሉ፤ ካሜራው ግን አይሸሽም፤ በክፍሎቹ መካከል በዝግታ ሲራመዱ ይከተላቸዋል። እኔ ሁለቱን ፊልሞች በአንድ ሳምንት አይቼ፣ ስለ ጎርባቾቭ ብዙ የነገረኝ ያልመለሱት ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አያትዎም የማይመልሱት ጥያቄ ይኖራል፤ ጥያቄውን በድምፅዎ ይተውት፣ ከዚያ ቡናው ፈልቶ እስኪቀዳ ድረስ ካሜራውን አያጥፉ።